የሚከፈት በር

ማኒሳሌስ

ለምወድህ የልጅ ልጄ ለዊልማር፣ ድንበር ላይ ጤና ይብዛልህ። ይህን ታላቅ ዜና አለቃህን አስፈቅደህ፣ ቆመህ አንብብ፦ የብረት ለበሱ የኋላ በር ዛሬ ተከፈተ!

አንተ የምትነዳውን ዓይነት ብረት ለበስ፣ መዳፍ የምታክል የፕላስቲክ ሞዴል እየገጣጠምኩ ነው። ፋብሪካው በሩን ከግድግዳው ጋር ደፍኖታል። እኔ ቆርጬ አወጣሁትና ከቢራ ጣሳ ስስ በር፣ ከሬዲዮ ሽቦ ማጠፊያ ሠራሁለት። አሁን ከውስጥ በስንጥር ሲገፋ ይከፈታል። አንተም ሰነፉ፣ የመኪናህን ማጠፊያ ዘይት ቀባው።

አያትህ ኦቲሊያ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ የቤታችን መስኮት አልዘጋ ብሎ ለአሻንጉሊት በር ትሠራለህ?» አለችኝ።

«ሹፌሩ ቶሎ ወጥቶ ቤቱ እንዲገባ፣ እራቱ እንዳይቀዘቅዝበት ነዋ!» ብላት ከት ብላ ሳቀች።

እመቤታችን ከነጓዶችህ ትጋርድህ። ከጻፍኩልህ አንዱን ግን ፈጥሬ ነው፤ አያትህ አልሳቀችም። «በጎኑም ሌላ መውጫ በር ቁረጥለት» ነው ያለችኝ።

አያትህ ሊሳንድሮ