ቀለም የተቀባው ሣር

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 9 ቀን

ከቤቱ ለወጣው ባለቤቴ፣

እንዴት ሰነበትክ? አዲሱ ጎጆህ ይሙቅልህ፣ አየሩም ይስማማህ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከሄድክ ወዲህ እንደዚህ ሳምንት ጤና ተሰምቶኝ አያውቅም። ምክንያቱን ልንገርህ።

የእህቴን ልጅ ታስታውሳታለህ፤ «ካሜራ አንጋቿ» እያልክ በሰው ፊት የምታሾፍባትን። አስቂኝ ፊልም ልትሠራ ቤት ስትፈልግ መጣች። «አክስቴ፣ አጥሩ የተከረከመ፣ ሣሩ ያማረ፣ ውስጡ ግን የበሰበሰ ቤት ነው የምፈልገው» አለችኝ።

«ደጃፉ ላይ ቆመሻል ልጄ፤ ግቢ» አልኳት።

ዘረገፍኩላት። የጋራዥህን የተቃጠለ ዘይት ወደ ጓሮው ወንዝ ልታፈስበት ከሣሩ ሥር የቀበርከውን ቧንቧ። ቧንቧው አንጠባጥቦ ሣሩ ሲቃጠልብህ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር በመኪና ቀለም መርጫ አረንጓዴ ስትቀባው የኖርከውን። ሰው «እንዴት ያለ ሣር ነው!» ሲልህ፣ «ውሃማ ማንም ያጠጣል፤ ሣር የሚፈልገው ፍቅር ነው» የምትለውን ቃል በቃል አስጻፍኳት። የጎረቤታችን የጡረተኛው መምህር ዳክዬዎች ዘይት ጠጥተው ያለቁ ጊዜ ኮፍያህን አውልቀህ፣ «ምን ነክቷቸው ይሆን?» እያልክ እንዳጽናናሃቸውም ነገርኳት። ጥለኸው የሄድከውን ኮት እንኳ አንተን ለሚጫወተው ተዋናይ ሰጠሁት። ልክክ አለበት፤ ሆዱ ላይ ብቻ ትራስ ጨመርንበት።

ፊልሙ ተሠርቶ አልቆ እሑድ ከሰዓት በሠፈሩ አዳራሽ ታየ። ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ተዋናዩ ተንበርክኮ ሣር ሲቀባ፣ ነጭ ካልሲው አረንጓዴ ሲሆን፣ ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እያንዳንዱን ሳቅ እንደ ጥፊ ጉንጭህ ላይ እያሳረፍኩ ቁጭ አልኩ። ስለ ዳክዬዎቹ ሲያጽናና ደግሞ አዳራሹ ተናወጠ።

መምህሩ ግን ከፊት ወንበር ተነሡ። ዞር ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ፊልም ብቻ ነው ወይስ በእውን የሆነ ነገር ነው?»

«በእውን የሆነ ነገር ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። ሳቁ እንደ መብራት ጠፋ።

ትናንት የከተማው ተቆጣጣሪዎች ቆፋሪ ይዘው መጡ። የምትኮራበት ሣር እንደ አሮጌ ምንጣፍ ተገለበጠ። ቧንቧው ጥቁር ነገር እያዝረበረበ ወጣ። ለመጥሪያው አድራሻህን ሲጠይቁኝ ፊደል በፊደል አስጻፍኳቸው። ምናልባት ስልክ ባታነሣ ብዬ የሴትዮህንም ቁጥር ጨመርኩላቸው። ወንዙን የሚያጸዳው ያቆሸሸው ነው ብለዋል። ኮትህን ስለማትፈልገው አልልክልህም፤ ቦት ጫማህን ግን እልክልሃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጎረበጠኝ። ፊልሙ ላይ ሚስትየዋም አለች። ሽታው በመጣ ቁጥር መስኮት ትዘጋለች፣ ሽቶ ትረጫለች፣ ለእንግዳ ሁሉ «ከላይኛው ሠፈር ነው የሚመጣው» ትላለች። እውነቱን ልንገርህ፤ ሰዉ ካንተ ይልቅ በእሷ ነው የሳቀው። ሲያልቅ የእህቴን ልጅ ጥግ ይዤ፣ «ይህችን ደግሞ ከየት አመጣሻት?» አልኳት።

«አክስቴ፣ ስታወሪኝ አንቺው ነሽ ያመጣሻት» አለችኝ። ሳትስቅ።

ዛሬ ጠዋት መምህሩ መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አንቺ ባትደፍሪ እውነቱን ሳላውቅ እሞት ነበር» አሉኝ። ቆመው መረቁኝ። አሜን፣ አሜን አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ከሄዱ በኋላ እጄን ሁለቴ ታጠብኩ።

እንግዲህ ይህን የምጽፍልህ አንጀትህ እንዲያርር ብቻ አይደለም። ተቆጣጣሪው፣ «ይሄን የሚያህል ቧንቧ ብቻውን ተሸክሞ ነው የቀበረው?» ብሎ ጠይቆኛል። «ብቻውን ነው» ብያለሁ። አንተም ሲጠይቁህ እንደዚያው በል። ሃያ ሁለት ዓመት አፌን ዘግቼልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ አንዴ ዝጋልኝ።

ጤና ይስጥህ፣ ወገብህንም ያጠንክርልህ። ወንዙ ረጅም ነው።

በወረቀት ላይ ብቻ ሚስትህ