አደባባይ ላይ ስለተሰቀለው የውሃ ልክ ሰሌዳና ስለታገደችው ሩምያና

ለተከበሩ ኢንጂነር ኦግንያን ካራዳሊየቭ፣ የኑክሌር ኃይል ማመንጫችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዲበዛ፣ ስልክዎም እንዲያርፍ እመኛለሁ።

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ለእርስዎ እነግርዎታለሁ፤ ምስጢር የሚጠበቀው ከማያዳምጥ ሰው ዘንድ ነውና። ሟቹ ባለቤቴ ዛሃሪ እዚያው የውሃ ተቆጣጣሪ ሳለ፣ አንድ ቀን ጠዋት «ከአለቃ ጋር አትከራከር፤ ቤት ሊሰጡን ነው» አልኩት። በዚያው ዕለት አለቃው «ውሃውን ቀንስ» ሲለው፣ ስህተት መሆኑን እያወቀ ቀነሰ። ውሃ ሲያንሰው ሪአክተሩ በራሱ ሥራ አቆመ። ጥፋቱ የዛሃሪ ተባለ፤ ቤቱን ግን ሰጡን። አሁንም እኖርበታለሁ።

ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ሕዝቡ እንዲያምነን ብለው የእንፋሎት ማመንጫውን የውሃ ልክ የሚያሳይ ሰሌዳ አደባባይ ስለሰቀሉልን። ከዚያ ወዲህ ጡረተኞቻችን ቼዛቸውን ትተው ውሃ ይጠብቃሉ። ባለፈው ማክሰኞ ልኩ ሽቅብ ሲል፣ ዳቦ ጋጋሪው ስቶይል «ኧረ ሰዎች፣ ሊገነፍል ነው!» ብሎ ጮኸና የአማቱን ፍራሽ መኪና ላይ ጫነ፤ አማቱን ግን ረሳት።

ሁለተኛ፣ ከተማው ሁሉ ሲደውልልዎ ምሳዎን አቋርጠው ተረኛዋን የውሃ ተቆጣጣሪ ሩምያናን በስልክ ስላዘዙ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል።

«ውሃውን ቀንሺ፣ ሕዝብ እያየ ነው!»

«አልቀንስም ኢንጂነር። ያበጠው አረፋው ነው፤ ውሃውማ እያነሰ ነው።»

ተርባይኑ በድንገት ብዙ እንፋሎት ሲስብ ግፊቱ ይወርዳል፣ አረፋውም ያብጣል፤ ክዳኑ እንደተነሳ የባቄላ ሾርባ። ሞላ ብሎ የጨለፈ ሰው፣ አረፋው ሲሰክን የሚያገኘው ያረረ ድስት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከዛሃሪ መጻሕፍት እየተንተባተብኩ ነው፤ ሩምያና ግን ያስተማሯት እርስዎ ራስዎ እንደሆኑ ትናገራለች። ስላስተማሯት አመሰግናለሁ። ጥቂት ቆይቶ ልኩ ወረደ፤ ሪአክተሩም ሥራውን ቀጠለ።

ሦስተኛ፣ ትምህርትዎን ስላልረሳች ከሥራ ስላገዷት። ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። እናቷ ቤቴ መጥታ «እትዬ ዝድራቭካ፣ አንቺን ትሰማለች፤ ይቅርታ ጠይቂ በያት» ብላ ለመነችኝ። ሄድኩ። «እንዳትጠይቂ» አልኳት።

ምሳዎን በሰላም የሚጨርሱበትን ቀን እየተመኘሁ፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር፣

ዝድራቭካ ሚህኔቫ፣ ከዳኑብ ወንዝ ዳር

ማስታወሻ፦ ሩምያና ከተባረረች የውሃውን ቫልቭ የሚይዙት እርስዎ ይሆናሉ ብዬ አምናለሁ። ቀኑን አስቀድመው ቢያሳውቁኝ፣ ያን ዕለት ሩቅ ቡርጋስ ከተማ ያለችውን እህቴን ልጠይቅ እሄዳለሁ።

ይህ ደብዳቤ በግልባጭ የሚላከው፦ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው አባላት፣ ለከተማው ጋዜጣ፣ እንዲሁም ለወይዘሮ ዴስፒና ካራዳሊየቫ፣ ለእናትዎ።