ከመጥበሻው ያንቺ ወገን

ከዲጃ፣ ሞትሽን ደብቀው አበሉኝ። አንቺን እዚህ መርሳ ቀብረው እኔን ስፔን ሩዝ አበሉኝ። የተበደልኩት ይህን ነው፤ አላለዝበውም።

ከተለያየን ክረምቱ ሁለቴ ገባ። አጥሩ ጥግ የተከልሻት ማንጎ አፈራች። የሰፈሩ ልጆች በድንጋይ ያረግፏታል፣ እኔም እጮህባቸዋለሁ። "ተዋቸው" የምትለኝ የለችም።

ልጃችን ዘይነባ ከምታበስልበት ከቫሌንሲያ ሁለታችንንም ስትጠራን፣ አንቺ በጉልበትሽ አመካኝተሽ ቀረሽ። "ሂድና ቅመሰው፤ ስትመለስ አንድ ሳታስቀር ትነግረኛለህ" አልሽኝ። ቃሌን አላጥፍም፤ ስሚኝ።

በሰሜን፣ ባሕሩ ዳር፣ ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ ቀቅለው በቀይ በርበሬና በዘይት አቀረቡልኝ። ዘይነባ "ሐላል ነው እኮ አባ" ብትለኝም እግሩን አይቼ እምቢ አልኩ። በደቡብ የደረቀ ዳቦ ፈርፍረው በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት ይጠብሳሉ። የአሳማ ሥጋ ሳይገባበት አሠራችልኝና ጠገብኩ። ፍርፍር ነው። አንቺ ብትቀምሺው "ቅቤ ጠፍቶባቸው ነው?" ትዪ ነበር።

የሞትሽ ወሬ ለዘይነባ የተደወለላት ከደቡብ ስንመለስ ነው። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ሽማግሌዎቻችን "መርዶ በሰው አገር አይነገርም፤ አብዪው፣ ጉልበት ይዞ ይምጣ" ብለዋታል።

እሁድ ፓኤያ የሚሉትን ሩዝ ሠራን። እዚያ ይህን ከቤት ውጭ፣ በብርቱካን እንጨት፣ የሚያበስሉት ወንዶች ናቸውና እሳቱን ለእኔ ሰጠችኝ። ብታዪኝ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። ዶሮው በቢስሚላህ የታረደ ነው፤ አደንጓሬ አለበት። ቢጫ የሚያደርገው ሳፍሮን የሚሉት የአበባ ቅመም እርድ ይመስላል፣ ሽታው ግን ሌላ ነው። ሩዙን አያማስሉትም። ከሥር እንዲይዝ ይተዉታል፤ ምርጡ እሱ ነው ይላሉ። አንቺ ከድስት ሥር ፍቀሽ የምትበዪው፣ እኔም "የተቃጠለ አትብዪ" እያልኩ የምቆጣሽ ያ ነው። ሳህን የለም። እንደኛ ትሪ ሰፊውን መጥበሻ ከብበው ሁሉም ከፊቱ ይበላል፣ የሌላውን ወገን አይነካም።

ከጎኔ ያለውን ወገን በማንኪያ ከለልኩና "ይህ የእናትሽ ነው፤ ከሥር የያዘውን ጠቅልዪልኝ፣ እወስድላታለሁ" አልኳት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ጭሱ ነው አባ። ይብሉ፣ ይብሉ።"

አመንኳት። እንጨቱ እርጥብ ነው ብዬ ሻጩን ረገምኩ።

ወልድያ ላይ የተቀበሉኝ ሰዎች ሻንጣዬን ተሻሙ፤ ዓይኔን ግን አንዳቸውም አላዩኝም። መርሳ ስንደርስ ግቢያችን በሰው ሞልቷል። ጥቅሉን በእጄ እንደያዝኩ ነበር።

ዘይነባ በየጁምዓው ትደውላለች። "አባ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ" ትላለች። ስለ ምግብ ቤቱ እጠይቃታለሁ። ከዚያ ጤናዋን እጠይቃታለሁ። አውፍ አላልኳትም፤ አልረገምኳትምም።

ሩዝ ማብሰል ለምጃለሁ። ከሥር እንዲይዝ እተወዋለሁ። ከትሪው ያንቺን ወገን አልነካም፤ እስክሞት ድረስ ይህን አልረሳም። በልቼ ስነሳ ያንቺን ወገን ማንጎሽን ለሚያረግፉት ልጆች እሰጣቸዋለሁ፤ ሰደቃሽ ነው።

ይህን የጻፍኩት የቀመስኩትን ሁሉ ልነግርሽ ቃል ስለገባሁ ነው። ስለዚያ እሁድ ግን ለዘይነባም፣ ለሽማግሌዎቹም፣ ላንቺም ከእንግዲህ አንድ ቃል አልናገርም።