የአባዬ ቀለሆች

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ውርጭ። የዚህ አገር ጁን ብርድ ነው። የጓሮው መጋዘን ውስጥ የማጠቢያው በርሜል ከጠዋት ጀምሮ ይሽከረከራል... ባዶ ቀለሆች፣ ውሃ፣ የዕቃ ሳሙና፣ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች። ጆሮ ያደነቁራል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ጠልሽቶ ገብቶ አብረቅርቆ የሚወጣ ነገር ስንት አለ?

ለቅዳሜ ሳምንቱ የተኩስ ክለብ ውድድር አባዬ ምርጥ ቀለሆቹን ሊያሳጥበኝ ነው። ለዓመታት ባሩድ መልሶ እየሞላ የተኮሰባቸውን!

«የሎሚ አሲዱን በሽጉጥ ቀለህ ለኪ። በማንኪያ እንዳይሆን፤ ይበዛል።»

«ሰምቻለሁ አባዬ።»

«አልሰማሽም።»

ሰሞኑን ዕቃ እየዳበሰ ነው የሚያነሳው፤ ስለ ዓይኑ ጠየቅኩት። «ካንቺ ይሻላል» አለ።

ሐሙስ፣ ጁን 5

ትናንት የሽጉጡን ቀለህ አጣሁትና በማንኪያ አደረግኩ። በርሜሉ ውስጥ ረስቻቸውም አደሩ... ጠዋት ስከፍተው ሁሉም ሮዝ። እንደ ሕፃን ተረከዝ። አሲዱ ናሱን በልቶታል፤ ከእንግዲህ ባሩድ አይሞላባቸውም።

ከሰዓት ፎጣ ላይ ዘርግቼ፣ ስድቤን ልጠጣ ጠራሁት። አንዱን አንስቶ አፍንጫው ድረስ አስጠጋ። አገላበጠ።

«ወርቅ አስመሰልሻቸው። ነገ ባሩዱን እመዝናለሁ።»

እውነቱን ሳልነግረው ፎጣውን ጠቀለልኩት። ሮዝን ከቢጫ ያልለየ ዓይን የሚዛኑን ጭረት እንዴት ያያል? ባሩዱ ከበዛ ፊቱ ላይ ነው የሚፈነዳው። ፈራሁ።

ዓርብ፣ ጁን 6

ነገርኩት። «ቀለሆቹ ሮዝ ናቸው። አበላሸኋቸው።»

«ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

«ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ስለ ዓይንህ ለምን አልነገርከኝም?»

ውሻችንን ይዞ ወጣ። ተናደደ? አፈረ? አለቀስኩ።

እሑድ፣ ጁን 8

ሻይ ይዞልኝ መጋዘን መጣ። ከመደርደሪያው ሥር ሌሎች ቀለሆች አወጣ። ሚዛኑን ወደ እኔ ገፋው።

«አንቺ መዝኚ። እኔ አጥባለሁ።»

«ሐኪምስ?»

«ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። አትነዝንዢኝ።»

ደስ አለኝ። በጣም።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ካንጋሮዎች ሜዳው ላይ ገብተው እስኪወጡ ውድድሩ ዘገየ። የክለቡ ሊቀመንበር ራስል ለአባዬ የተራ ቁጥር ሊሰጠው መጣ።

«ለሷ ስጣት። እኔ የነፋሱን አቅጣጫ ልነግራት ነው የመጣሁት።»

ጠመንጃውን ይዤ በደረቴ ስተኛ ከጎኔ ሣሩ ላይ ተጋደመ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጉንጩ እየለካ... «ቆይ... ከግራ ነው... አሁን።»

ስድስተኛ ወጣሁ። ራስል ሊያጽናናው ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ «አንተ ብትሆን ሦስተኛ ትወጣ ነበር» አለው።

አባዬ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እኔ ብሆን ኢላማውን አላየውም ነበር» አለ።

ከዚያ የተኮስኩባቸውን ቀለሆች ሣሩ ውስጥ በእጁ እየዳበሰ ለቀመና ኪሱ ከተተ።