የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ

ይድረስ በሰሜን ማዕድን ለምትቆፍረው ልጄ ለሬጃን። ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይ? እኔ ገላዬን ካለመታጠቤ በቀር ደህና ነኝ።

አባትህ የመታጠቢያ ቤታችንን የመዳብ ቧንቧ ነቅሎ ወሰደው። ሽሮፕ እስኪሆን የምናፈላው ጣፋጭ የሜፕል ዛፍ ውሃ ቀዝቃዛ እንደሆነ ሲጨመርበት ድስቱ መፍላቱን ያቆማል ብሎ፣ ቧንቧውን እንደ እባብ ጠምዝዞ ከድስቱ በላይ እንፋሎቱ ውስጥ ሰቀለው። ውሃው በዚያ አልፎ ሞቆ ይወርዳል። መጀመሪያ ግን እንፋሎቱ ቧንቧው ላይ ጤዛ እየሆነ ተመልሶ ሽሮፑ ውስጥ ተንጠባጠበ።

"አንተ ሰውዬ፣ ያተነንከውን ውሃ መልሰህ ትጨምራለህ?" ስለው አኮረፈኝ። በማግስቱ ከሥሩ የቆርቆሮ አሸንዳ አበጀለት፤ አሁን ጤዛው ሙቅ ውሃ ሆኖ ባልዲ ይሞላል።

"ይኸው መታጠቢያሽ!" አለኝ።

እዚያው ሽሮፑን የምናፈላበት ጎጆ ውስጥ ስታጠብ ጎረቤታችን ኦኔዚም ሽሮፕ ልቅመስ ብሎ በሩን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

የምናነደው እንጨት በእርግጥ ቀንሷል። እንጨት የሚሸከምበት መንገድ ግን አላጠረለትም፤ አባትህ ከእንጨት ክምሩ እስከ ምድጃው ድረስ ሦስት ወንበር ደርድሯል።

"ለምንድን ነው?" ስለው "ለእንግዳ ነዋ!" አለኝ።

ከኦኔዚም ሌላ ማን እንግዳ አለን? እሱም ቀርቷል።

ለፋሲካ ስትመጣ ስለ ወንበሮቹ እንዳትጠይቀው። እንጨት ስትሸከሙ ቀድመኸው "ደከመኝ" በልና በየወንበሩ ተቀመጥ። አባትህ እንግዳ ብቻውን ሲቀመጥ አይወድም፤ አብሮህ ይቀመጣል።

እስክትመጣ ድንግል ትጠብቅህ፤ ፎጣህንም እንዳትረሳ።

እናትህ ፍሎሬት