ተራ ቁጥር አንድ

ሰኞ
ባሌ ታዴ ትናንት ማታ እያተኮሰው ገባ። የገባው ቤት አይደለም፤ ከከተማው ዳር፣ በአቦቦ መንገድ መውጫ ያለው ሜዳ ነው። ቀበሌው "የጭነት መኪና በመኖሪያ ሰፈር ማደር ክልክል ነው" ካለ ወዲህ መኪና ሁሉ እዚያ ነው የሚያድረው። በስልክ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል።

"ና ቤት" አልኩት።

"ዱቄቱን ለማን ትቼ?"

ዱቄቱ የነጋዴ ነው። የሚያደርስበት የፑኝዶ መንገድ በዝናብ ተበላሽቶ መኪና አይለቀቅም። ሰሞኑን ሌቦች የአንዱን መኪና ሸራ ቀደው ጭነቱን ዘርፈውታል። በፊት ቢሆን አጥራችን ሥር አቁሞ አልጋው ላይ ይተኛ ነበር።

ያንን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በየንጋቱ ሞተር ሲያሞቁ ጭሱ በመስኮት እየገባ ልጃችን ማርታ ትንፋሽ እያጠራት ከእንቅልፏ ትነሳ ነበር። የታዴ መኪና ሲሄድ የሌላው ይመጣል። ማመልከቻ ጽፌ ቤት ለቤት አስፈረምኩ። እሱ መንገድ ላይ ነበር፣ አልነገርኩትም።

ማክሰኞ
ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ወጣሁ። አጥሚት፣ ሎሚ፣ ፓራሲታሞል፣ ብርድ ልብስ ይዤለት ሜዳው ሄድኩ። አጥሚቱን አስመለሰው። ጋቢናው በሙቀት ያፍናል፣ እሱ ይንቀጠቀጣል። ፋርማሲው "ደሙ ሳይታይ የወባ መድኃኒት አልሰጥም" አለኝ። ልክ ነው። ታዴ ደግሞ አልወርድም ይላል። እኔ ልጠብቅልህ ስለው "ሴት እዚህ ታድራለች?" ብሎ ጮኸብኝ። ለመጮህ አቅም አለው ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝ!

ስወጣ አየሁት። የሜዳው በር ላይ ከቀበሌው ማስታወቂያ ጋር ማመልከቻችን ከነፊርማው ተለጥፏል። ተራ ቁጥር አንድ፣ የኔ ስም። የታዴ መኪና ፊት ለፊቱ ቆሟል። አንብቦት ይሆን? ልገነጥለው እጄን ዘረጋሁ፤ የበሩ ጥበቃ ሲያየኝ መለስኩት።

ረቡዕ
ዛሬ በእናቱ ስም ጠራኝ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። በሩጫ ቀበሌ ሄድኩ። "ለአንድ ሌሊት ብቻ፣ መኪናው ሰፈር ይደር።"

"ለአንዱ ከፈቀድን ለሁሉም ነው። ደግሞ ሕጉን ያመጣሽው አንቺ" አለኝ ጸሐፊው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ፈጣሪንም ተጣላሁት፣ እዚሁ ልጻፈው።

መሄጃ ሳጣ የሰፈራችን ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ኦሞድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ካለእኔ ጉትጎታ እሳቸውም አይፈርሙም ነበር።

"ሕጉ መኪና አይደር አለ። ሰው አላለም" አሉ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውንና አጎበራቸውን ይዘው ተከተሉኝ።

የጋቢናውን በር ከፍተው "ታዴ፣ ውረድ። ዱቄት አይሞትም፣ አንተ ትሞታለህ" አሉት። ወረደ። እሳቸው ወጥተው በቦታው ተቀመጡ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኩት።

ሐሙስ
ወባ ነው፣ ክፉው። ግሉኮስ ተሰክቶለታል። ሐኪሟን ስጠይቃት "እናያለን" ብቻ ትላለች። አቶ ኦሞድ ደውለው ነበር፤ ጭነቱ ደህና ነው።

ወደ ማምሻው ዓይኑን ገለጠ።

"ስምሽን አየሁት" አለኝ። "እሁድ ገና ስገባ፣ የመኪናው መብራት ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ።"

አራት ቀን ሙሉ ያውቅ ነበር።

"ማርታ አሁን ትተኛለች?"

"ትተኛለች" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ዓይኑን ጨፈነ። እጁ እጄ ውስጥ ነው፣ አሁንም ያቃጥላል።