ፊትህ የታተመበት ገንዘብ

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። አባትህን አሁንም ወገቡን ያመዋል። ጣራው ማፍሰሱን ትቷል። እህትህ ልጇን ጡት አስጥላለች።

ገንዘቡ መቀየሩን ሳትሰማ አትቀርም። ሕዝብ የሚወደው ይታተምበት ተብሎ የመሪዎቹ ሥዕል ቀረና ዘፋኝና ኳስ ተጫዋች ገባበት። አንተም አለህበት፤ ጊታርህን ታቅፈህ ያቺን ያሰደደችህን ዘፈን ስትዘፍን። ባለሱቁ አውራ ጣቱን በምራቅ አርሶ ፊትህን ሲቆጥር አየሁት። ከዚያ ወዲህ መልሴን በሳንቲም ስጠኝ እለዋለሁ። "እማማ፣ የልጅዎን ፊት ጠሉት እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ባለፈው ሁለት ሰዎች ቤት መጡ። ያኔ አንተን ፍለጋ መጥተው ፍራሹን የቀደዱት ናቸው። አሁን ግን ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው ገቡ፤ "እናታችን" አሉኝ። "ለገንዘቡ ምረቃ ይምጣልን፣ ቲኬቱን እኛ እንቆርጣለን" አሉ። አባትህ ደስ ብሎት የድሮ ኮትህን ፀሐይ ላይ ሰቀለው። እኔ ግን ያኔ ሲሰድቡኝ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

ስንት ዓመት ሙሉ ና እያልኩ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። ዛሬ ግን አንድ ነገር ልለምንህ፤ ይህን ወረቀት በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ የላክሁትም ለዚሁ ነው። በስልክ ና ስልህ ከሰማህ፣ አጠገቤ የቆመ ሰው አለ ማለት ነውና አትምጣ። ናፍቆቱን እኔ እችለዋለሁ። ፈጣሪ እዚያው ባለህበት ያኑርልኝ።

እናትህ